ባትሪው የማይሞላው ቀይ ሎሪ

ባለፈው ሰሞን የእህቴን ልጅ ሠርግ ለመብላት ከጎንደር ወደ መተማ ስወርድ፣ አውቶቡሱ ነጋዴ ባሕርን አልፎ ቆላውን እንደያዘ አንድ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ነው፤ ግን ቆሻሻ ሲቃጠል የሚሸተው ዓይነት አይደለም። ሽቦ ከውስጥ ግሎ ልባሱን ሲያቀልጥ የሚወጣው፣ ጉሮሮ ላይ ጣፈጥ ብሎ የሚቀረው ሽታ ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ ከውጭ የመጣ መስሎት መስኮቱን ዘጋ። ሹፌሩ ዳር ይዞ ወረደና አንድ ነገር በላስቲክ ጠቅልሎ ተመለሰ፤ ጉዟችንም ቀጠለ። እኔ ግን እስከ ሸኸዲ ድረስ አውቶቡሱ ውስጥ አልነበርኩም። በወጣትነት ዘመኔ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነበርኩ፣ በአንድ ቀይ ሎሪ መሪ ላይ፣ ጎፈሬዬን አበጥሬ።

ገዳሪፍ ያኔ ለእኔ ከዓለም ከተሞች ሁሉ የምታምር ነበረች፤ ሌላ ብዙ ከተማ ስላላየሁ ይሆናል። ከየትኛውም አቅጣጫ ብትመጣ መጀመሪያ የሚታይህ የእህል ጎተራው ግንብ ነው፤ ሳይሎ ይሉታል። ግማሽ ቀን ሙሉ ወደ እሱ ትነዳለህ፣ እሱ ግን አይቀርብም። መሬቱ ሰሊጥና ማሽላ፣ ማሽላና ሰሊጥ ነው፤ ዓይን የሚያርፍበት ዳገት የለም። ከባቡር ጣቢያው ወደ ገበያው ሲታጠፍ፣ ጥግ ላይ ካሴት የሚሸጥ አንድ ዓይኑ ያበጠ ሰውዬ ነበር። በአንድ ድምፅ ማጉያ የሱዳኑን ኡድና አኮርዲዮን፣ በሌላው የእኛን አገር ክራር ይለቅቃል፤ ሁለቱ መሃል መንገድ ላይ ተገናኝተው ይደባለቃሉ። አንድ ሳህን ፉል በሰሊጥ ዘይትና በአይብ ሃምሳ ቅርሽ ነበር። ሃምሳ ቅርሽ ይዘህ እንደ ጌታ ትቀመጣለህ፣ ዳቦ ጨምርልኝ ስትል ይጨመርልሃል። እኔ ያኔ ከታች የሰፋ ሱሪ እለብሳለሁ፤ የሸሚዜ ኮሌታ ትከሻዬ ላይ የሚያርፍ ነው። ጀለብያ የለበሱት ሱዳናውያን ወዳጆቼ፣ «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ሱሪህ መንገዱን ይጠርጋል፤ ማዘጋጃ ቤቱ ደመወዝ ሊቆርጥልህ ይገባል» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። አይከፋኝም ነበር። ከአገሬ የወጣሁበት ምክንያት ብዙ የሚነገርለት አይደለም፤ በዚያ ዘመን ወጣት የነበረ ሁሉ በአንዱ በኩል ወጥቷል። እኔ በመተማ በኩል ወጣሁ፣ መንጃ ፈቃዴን ካልሲዬ ውስጥ ደብቄ።

ሎሪው የሐጅ በሺር ነበር። ሐጅ በሺር የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ወፍራም፣ ዝምተኛ፣ መቁጠሪያቸው ከእጃቸው የማይለይ። ሰው አያምኑም ይባል ነበር፣ እኔን ግን አምነው መኪና ሰጡኝ። ሞተሩ ወርዶ ሲታደስ ወር ያህል ቆሞ ስለነበር፣ በዚያው ይቀባ ብዬ የለመንኳቸው እኔ ነኝ። ፈቀዱ። ቀለም ቀቢው ሁለት ቀን ሙሉ ሲሠራ ራሱ ላይ ቆምኩበት። ከላይ ቀይ፣ ጎኑ ላይ ቢጫ አበባ፣ በሩ ላይ አንድ ጥንድ ዓይን። ከታች ያለው የብረት ወገቡ ጥቁር ሆኖ ሊቀር ሲል አልፈቀድኩም። እሱም ይቀላ አልኩ። አንዲት ጣት የምታህል ጥቁር እንዳላይ አልኩት። እሱም እንዳልኩት አደረገ።

ከዚያ ወዲህ ነው ጣጣው የጀመረው። ጠዋት ደህና የተነሣው ሎሪ ከሰዓት በኋላ ቢጠፋ አይነሣም። ባትሪው አይሞላም። እኔ ይህን መጀመሪያ ያወቅሁት በካሴቱ ነው። እየነዳሁ ሳለ የዘፋኙ ድምፅ እየወፈረ፣ እየተጎተተ ይመጣል፤ ጎረምሳ ሆኖ የጀመረውን ዘፈን ሽማግሌ ሆኖ ይጨርሰዋል። ሎሪውን መኪና ጠጋኞች ወዳሉበት ሠራተኞች ሰፈር ወሰድኩት። እዚያ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መለኪያውን አውጥቶ ዲናሞው ላይ ለካ፤ ዲናሞው ጥሩ ኃይል ይሰጣል፣ ጥፋቱ የባትሪ ነው አለ። ባትሪዎቹ ተቀየሩ። ከሳምንት በኋላ ያው ሆነ። ምናልባት ሲሞቅ የሚደክም ዲናሞ ይሆናል ተባለ፤ ዲናሞው ተቀየረ። ያው ሆነ። እንደገና አዲስ ባትሪ ተገዛ፤ እሱም ሞተ። ሦስተኛው ጥንድ ባትሪ ሲገባ ሐጅ በሺር ምንም አላሉኝም፣ ግን በምስማር የባትሪዎቹ ጎን ላይ ምልክት ጫሩ። እኔ እያየኋቸው ነው የጫሩት። አዲሱን ሸጬ አሮጌ የምተካ መስሏቸዋል ማለት ነው። ሰው ቢሰድብህ ትመልሳለህ፤ በዝምታ ምስማር ለያዘ ሰው ግን ምን ይመለስለታል?

ያ ጊዜ ደግሞ ክፉው ቀን የገባበት ነበር። ከድንበሩ ወዲያ ሰማዩ ከዘጋ ሁለት ክረምት አልፎት፣ ሕዝቡ በእግሩ እየወጣ በራሀድ ወንዝ ዳር፣ ከሾዋክ ማዶ፣ ዛፍ ባለበት ሁሉ እየሰፈረ ነበር። የእኔ ሥራ ከገዳሪፍ ማሽላ ጭኖ ከሀዋታ ወዲያ ወዳለው ካምፕ ማድረስ ሆነ። ስለዚያ ካምፕ ሌሎች ብዙ ተናግረዋል፤ ያዩትን አይተው ነው። እኔ የማስታውሰው ጸጥታውን ነው። ያን ያህል ሕዝብ ባለበት ቦታ የውሻ ጩኸት እንኳ አይሰማም ነበር። ጭነቱን እስካራግፍ ድረስ መኪናዬን ሳላጠፋ አቆማለሁ። ናፍጣ ሞተር አንዴ ከተነሣ ያለ ባትሪም ይሄዳል፤ ችግሩ ማጥፋት ነው። ሌላ አገር ቢሆን ቁልቁለት ላይ አቁሞ በማንደርደር ማስነሣት ይቻላል። ከተማ ስገባ የማድረው አንዲት ጉብታ ላይ ነበር። ካምፑ ግን እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ሜዳ ነው።

እህሉ ሲታደል ስም የምትጠራው ለተብርሃን ነበረች፤ ራሷም ከተሰደዱት አንዷ፣ አማርኛና ትግርኛ ጽፋ የምታነብ። ባዶ ሣጥን ላይ ትቆማለች፤ ሰማያዊ ነጠላ ጫማ፣ ራሷ ላይ የተጠመጠመ ነጭ ሻሽ፣ እጇ ላይ ትልቅ መዝገብ። ይህችው ለተብርሃን ዛሬ ባለቤቴ ናት፣ አሁን ይህን ስጽፍ ወዲያኛው ክፍል መነጽሯን ትፈልጋለች። መጀመሪያ ባየኋት ቀን ግን ስሟንም አላውቅም ነበር። ከሣጥኑ ወርዳ ወደ መስኮቴ መጣችና፣ «ወንድም፣ እባክህ ሞተሩን አጥፋልኝ። ሰው ስሙን መስማት አልቻለም። እዚያ ያሉት እናት ሁለት ጊዜ ተጠርተው አለፋቸው» አለችኝ።

ልነግራት ይገባ ነበር። ባጠፋው አይነሣም ማለት ሁለት ቃል ነው። ነገር ግን ፊቷን አየሁ፣ እናትየዋንም አየሁ፣ እጄ ሄዶ ማጥፊያውን ሳበው። ለተብርሃን ዛሬም ድረስ ለእናትየዋ ብዬ ያጠፋሁት ይመስላታል፤ እኔም አላረምኳትም።

ማሽላው ተራግፎ ሲያልቅ ማስነሻውን ተጫንኩ። ጠቅ አለና ቆመ። እንደገና ተጫንኩ፤ ጠቅ። ወደ ምሥራቅ ቀና ስል፣ በእኛ ተራሮች በኩል ደመናው ጠቁሮ ተነሥቷል። የገዳሪፍን መሬት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ያ ጥቁር አፈር ሲደርቅ ሲሚንቶ ነው፣ ሲርስ ግን ሎሪ ይውጣል። ክረምቱ ከገባ መንገዱ ይዘጋል። መንገዱ ሳይዘጋ ሌላ ጭነት ማምጣት ነበረብኝ፤ ያ ጭነት ባይመጣ እነዚህ ሰዎች ክረምቱን በምን ይከርማሉ? በዚያ ላይ ሐጅ በሺር አሉ። በምስማር ምልክት የተጫረበት ባትሪ ከሎሪው ጋር እዚያው ተተክሎ ቢቀር ምን ብዬ ነው ፊታቸው የምቆመው?

ያሳፈረኝ ግን ከዚያ የሚቀጥለው ነው። መኪናው እምቢ እንዳለኝ ያዩ ሰዎች ሳልጠራቸው ተነሡ። እንግፋልህ አሉ። ሽማግሌ ሳይቀር ብርድ ልብሱን እያወለቀ ከኋላ ተሰለፈ። ባታቸው ከጉልበታቸው የቀጠነ ሰዎች፣ ያን ተራራ የሚያህል ብረት ሊገፉ እጃቸውን አኖሩበት። ዘልዬ ወረድኩና ተዉ አልኳቸው። አይሆንም አልኩ። አንዱ፣ ራበን እንጂ አልሞትንም ብሎ ተቆጣኝ። እኔ ግን አልቻልኩም፤ መሪውን ይዤ ተቀምጬ እነሱን ማስገፋት አልቻልኩም።

በዚህ መሃል አንድ ግራጫ ብርድ ልብስ የተከናነቡ ሰው ቀስ ብለው መጥተው የሎሪውን አፍንጫ በመዳፋቸው ነኩት፤ የታመመ ግንባር እንደሚነካ። አምሳ ዓመት ይሆናቸዋል፤ ረሃቡ ሰባ አስመስሏቸዋል። ስማቸው አያ ይርጋ ነበር፣ ያኔ ግን አላውቃቸውም።

«ወንድሜ፣ ስትነዳ የቻርጅ መብራቱ ይበራ ነበር?» አሉኝ።

አንዳንዴ ደብዘዝ ብሎ ይበራል አልኳቸው። ዲናሞውን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ በአውራ ጣታቸው ተጫኑት፤ ደህና ተወጥሯል። ዲናሞውንስ ቀይረሃል አሉ፤ አዎ። ባትሪውንስ? ሦስት ጊዜ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቁኝ።

«የነዳጅ መርገጫው ገመድ ተቃጥሎብህ ያውቃል?»

ደነገጥኩ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ከመርገጫው ወደ ሞተሩ የሚሄደው የሽቦ ገመድ ሁለት ጊዜ ላስቲኩ ቀልጦ፣ ያን ሽታ እየሸተተ ደርቆብኝ፣ ከገበያ አሮጌ ገዝቼ ቀይሬዋለሁ። የሞተሩ ሙቀት ነው ብዬ ነበር። በየት አወቁ አልኳቸው። ሁመራ በሰላሙ ጊዜ፣ ትላልቅ የሰሊጥ እርሻዎች ላይ የትራክተር ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆነው አሥራ አንድ ዓመት ሠርተዋል። ጦርነቱ ሁመራን ሲበትን ወደ አባታቸው አገር፣ ከተከዜ ወዲያ ተመልሰው ማረሻ ያዙ። ሰማዩ ሲዘጋ ሚስታቸውንና ሴት ልጃቸውን ይዘው በእግራቸው መጡ። ይህን ሁሉ የነገሩኝ የኋላ መብራቴን አምፖል እየፈቱ ነው።

አምፖሉ ላይ ሁለት ቁራጭ ሽቦ አሰሩ። መለኪያቸው ያ ብቻ ነበር። አንዱን ሽቦ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን በኔጋቲቩ ላይ ሲያደርጉ አምፖሉ ፈዘዝ ብሎ በራ። አልሞተም፣ ደክሟል እንጂ አሉ። ከዚያ አንዱን ሽቦ እዚያው ኔጋቲቩ ላይ አስይዘው፣ ሌላውን በሞተሩ ገላ ላይ፣ ቀለም በሌለው ብሎን ላይ አሳረፉ። አሁን ማስነሻውን ተጫን አሉኝ። ተጫንኩ። ጠቅ ሲል አምፖሉ ቦግ አለ።

«ይቺ አምፖል አሁን መብራት አልነበረባትም» አሉ። «ማሳው ነው የጠፋው።»

እዚያ ከቆሙት አንድ ሽማግሌ ገበሬ ይህን ሰምተው፣ «የእኛማ ከጠፋ ሁለት ክረምቱ ነው፤ የመኪናም ማሳ አለ እንዴ?» አሉ። ሰዉ ሳቀ። በዚያ ካምፕ ሳቅ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው። አያ ይርጋም ፈገግ ብለው አስረዱን። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ማሳ የሚለው ብረቱን ነው። ኃይሉ ከባትሪው በሽቦ ይወጣል፣ ሥራውን ሠርቶ ሲጨርስ በሞተሩና በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው ይመለሳል። ሞተሩን ከመኪናው ብረት ጋር የሚያገናኝ አንድ የተጠለፈ የመዳብ መቀነት አለ፤ እሱ ከላላ ወይም ከተዘጋ ኃይሉ መመለሻ አጥቶ ይባክናል፣ ያገኘውን ቀጭን መንገድ ሁሉ ይሞክራል። የነዳጁን ገመድ ያቃጠለውም እሱ ነው፣ በዚያ ሲመላለስ። «ከተማ ያለው ሰው ዲናሞውን በዲናሞው ገላ ላይ ለክቶት ነው ደህና ነው ያለህ። እውነቱን ነው። ምንጩ ይፈልቃል፣ ቦዩ ነው የተደፈነው» አሉኝ።

ከመኪናው ሥር ገባን። ብሎን ለመፍታት አቅም ስላልነበራቸው መፍቻውን እኔ ያዝኩ፤ እሳቸው በጣታቸው እያሳዩኝ ፈታሁ። የመዳብ መቀነቱ ሲነሣ፣ ከሥሩ ያለው ብረት ቀይ ነው። ያማረ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ወፍራም ቀይ ቀለም፤ ዳር ዳሩን ዝገት ይዞታል። ሞተሩ ወርዶ ሳለ አንዲት ጥቁር እንዳላይ ያልኩት እኔ አይደለሁም? ሲመልሱት መቀነቱን በቀለሙ ላይ አስረውታል። ያ ሁሉ ባትሪ፣ ያ ሁሉ ዲናሞ፣ የሐጅ በሺር ምስማር፤ ሁሉም የእኔ አምሮት ያመጣው ነው። ቀለሙን ያስቀባሁት እኔ ነኝ አልኳቸው። ቀለሙን ትንሽ አዩት።

«ቀለሙስ ጥሩ ነበር» አሉ። «ቦታው ነው እንጂ።»

በቢላና በአሸዋ እስኪነጣ ድረስ ፋቅነው። በመሃል ከወንበሬ ሥር ዳቦና የሰሊጥ ሀላዋ አውጥቼ ዘረጋሁላቸው። ሥራ ላይ አልበላም አሉኝ፣ እንደ ድሮ ጌታ ባለሙያ። ሲጨርሱ ግን ዳቦውን በብርድ ልብሳቸው ጫፍ ቋጥረው ያዙት፤ ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። መቀነቱን መልሰን አጥብቀን አሰርነው። አምፖሉን እንደ በፊቱ በሞተሩና በኔጋቲቩ መካከል ይዘው ተጫን አሉኝ። ተጫንኩ። አምፖሉ ጨለማ ሆኖ ቀረ፤ ሞተሩ ግን አንዴ በግድ ዞረ፣ ሁለቴ ዞረ፣ ሦስተኛው ላይ ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሣ። ትንሽ ቆይቶ፣ ክፍት ሆኖ የረሳሁት ካሴት በሽማግሌ ድምፅ ጀመረና ቀስ በቀስ ጎረምሳ ሆነ። በዚያ ቦታ ዘፈን አፍሬ ልዘጋው እጄን ስሰድ፣ ስማቸው ሁለት ጊዜ ያለፋቸው እናት፣ «ተወው ልጄ፣ ይናገር» አሉኝ። ተውኩት። ሰዉ ቆሞ አንድ ዘፈን እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ ሄድኩ።

ገዳሪፍ ስደርስ ማምሻው ነበር። ሐጅ በሺር ደጃቸው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። መዋሸት ይቻል ነበር፤ ዝገት ነው ብል ይበቃኝ ነበር። ነገር ግን ያን ምስማር ካየሁ ጀምሮ በልቤ የያዝኩባቸው ቂም ነበር፣ እሱን ይዤ መዋሸት አልሆነልኝም። ቀለሙ ነው፣ ያስቀባሁትም እኔ ነኝ፣ ጥፋቱን ያገኙት ካምፕ ያሉ አንድ ባለሙያ ናቸው አልኳቸው። መቁጠሪያቸውን አንድ ዙር ቆጠሩ።

«ቀዩን እኔም ወድጄው ነበር» አሉ በመጨረሻ። ቀጥለውም፣ «ሰውየው የት ናቸው?» ብለው ጠየቁ።

በማግስቱ ጠዋት ራሳቸው አብረውኝ ወደ ሾዋክ ወርደው፣ ከስደተኞች ቢሮ ለአያ ይርጋ ከካምፕ መውጫ ፈቃድ አወጡ። ተስሪህ ይሉታል፤ ያኔ ከዳቦ የከበደ ወረቀት ነበር። ግማሽ ቀን ተሰልፈው ቆሙ፣ እኚያ ወፍራም ሰው፣ በዚያ ፀሐይ። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም፤ እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ አልጠበቅሁትም። አያ ይርጋ ከዚያ በኋላ ሠራተኞች ሰፈር ውስጥ፣ የኒም ዛፍ ሥር፣ የገዳሪፍ ሹፌር ሁሉ የሚያውቃት የኤሌክትሪክ ጥገና ቤት ከፈቱ። በኋላ ጥሩ መለኪያ ገዙ፤ ቢሆንም አምፖሏን ጠረጴዛቸው ላይ ያስቀምጡ ነበር። ሴት ልጃቸው አድጋ አገባች፣ ሚዜዋ ለተብርሃን ነበረች። እሳቸውም ዕድሜ ጠግበው፣ በአልጋቸው ላይ፣ ሰው ሞልቶላቸው ነው ያረፉት። ዛሬ መኪናው ሁሉ በኮምፒውተር ነው የሚመረመረው ይሉኛል። ይሁን፣ ጥሩ ነው። እኔ ግን ያ ዘመን ክፉ ነበር ሲባል፣ አዎ ክፉ ነበር እላለሁና፣ ከዚያው ዘመን ውስጥ ያገኘኋቸውን ሰዎች ስቆጥር ደግሞ ዕድለኛ ነበርኩ እላለሁ። ሁለቱም እውነት ነው።

ተስሪሁን ያደረስኩት መንገዱ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከመጨረሻው ጭነት ጋር ነው። አያ ይርጋ ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ሚስታቸውንና ልጃቸውን ከኋላ አስከትለው ወደ ለተብርሃን ሣጥን ሄዱና፣ የሦስታችንን ስም ሰርዢልን፣ ድርሻችን ለሌላ ሰው ይሁን አሏት። ለተብርሃን መዝገቡን ገልጣ ስማቸውን አገኘች፣ ግን እስክሪብቶዋ ቆመ። አጠገቧ ስለነበርኩ አየሁት። የተሰረዘ ስም ባለበት መስመር ሁሉ፣ ምክንያት በሚጻፍበት በኩል፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ቃል ብቻ ነበር የተጻፈው፦ ሞተ። እሷም ከዚያ ሌላ ጽፋ አታውቅም።

«ምን ብዬ ልጻፍ?» አለቻቸው።

«ሥራ ሄዱ ብለሽ ጻፊ» አሉ አያ ይርጋ።

ጻፈችው። ጽፋም ቶሎ አልዘጋችውም፤ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለችበትና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አንድ ጊዜ አነበበችው።